የፒተር ዎከር ሳጥን አልባ ስፒከር

ውፍረቱ 10 ማይክሮን የሆነ የፖሊስተር ገለፈት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተቆርጦ ቢመዘን 14 ግራም ይሆናል። በዚያው ስፋት ላይ ያረፈ፣ ከፍታው 12 ሚሊሜትር ያህል የሆነ አየርም የሚመዝነው ያንኑ ነው። እንዲህ ያለው ገለፈት አየር ሲገፋ፣ ገፊና ተገፊ በክብደት ብዙ አይበላለጡም። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። እንግሊዛዊው የድምፅ መሣሪያ ነዳፊ ፒተር ዎከር የሙያ ዘመናቸውን ትልቁን ድርሻ ያዋሉት ይህን መሳይ ገለፈት ወጥረው፣ ቻርጅ ሰጥተው፣ በሁለት የተበሳሱ ሰሌዳዎች መካከል በማቆም ላይ ነው።

ዎከር የተወለዱት በ1916 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1936 ለንደን ውስጥ የድምፅ ማጉያ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሕንፃው በቦምብ ሲመታ፣ በ1941 ሥራውን ጠቅልለው ከካምብሪጅ ብዙ ወደማትርቀው ወደ ሀንቲንግደን ሄዱ። ዓለም ኳድ በሚለው ስም ያወቃቸው እዚያ ሆነው ነው። በ1953 ኳድ ሁለት የተባለውን ባለ 15 ዋት የቫልቭ ማጉያ አወጡ። በ1954 የስፒከር ሠሪው ጊልበርት ብሪግስ በለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል ሆል ሕዝብ ሰብስቦ ሕያው ሙዚቃንና የተቀዳ ሙዚቃን ጎን ለጎን ሲያሰማ ማጉያዎቹ የዎከር ነበሩ። ማጉያው ላይ እንግዲህ ብዙ የሚጨመር አልቀረም። ድምፁ የሚበላሸው ከማጉያው በኋላ ባለው ዕቃ ነበር።

የተለመደው ስፒከር አሠራር ቀላል ነው። ማግኔት አለ። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ጥምጥም ሽቦ አለ። ሽቦው ላይ የተጣበቀ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ አለ። ኃይሉ የሚያርፈው ሾጣጣው መሐል ላይ ብቻ ነው፤ ጠርዙ የመሐሉን እንቅስቃሴ የሚያገኘው በወሬ ነው፤ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ተዛብቶ። ከሾጣጣው ጀርባ የሚወጣው ድምፅ የፊቱን እንዳያጠፋው ደግሞ ሳጥን ይሠራለታል። ሳጥኑም በተራው ይንቀጠቀጥና የራሱን ድምፅ ይጨምራል። የስፒከር ነዳፊ ዕድሜውን የሚፈጀው በአብዛኛው ይህን ሳጥን ዝም በማሰኘት ነው።

ኤሌክትሮስታቲክ የሚባለው ስፒከር የሚንቀሳቀስ ሽቦም፣ ማግኔትም፣ ሾጣጣም የለውም። ገለፈቱ ቻርጅ ይዞ ይቆማል። በፊቱና በጀርባው ባሉት ሰሌዳዎች ላይ የሙዚቃው ቮልት ይወጣል ይወርዳል። አንዱ ሰሌዳ ሲስበው ሌላው ይገፋዋል። ኃይሉ የሚያርፈው በገለፈቱ ገጽ ሁሉ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በእኩል መጠን ነው። ጠርዙ መሐሉን አይጠብቅም።

ሐሳቡ የዎከር አይደለም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እንዲህ ያሉ ስፒከሮች ተሞክረዋል። ችግራቸው ስበቱ ነበር። ብዙዎቹ ሰሌዳ የነበራቸው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ገለፈቱ ወደ ሰሌዳው በቀረበ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፤ ሲርቅ ይደክማል። መሄጃውና መመለሻው አንድ ስላልሆነ ድምፁ ይጣመማል። ድምፁ ከፍ ሲል ጥምመቱም ከፍ ይላል። ሁለተኛ ሰሌዳ መጨመር ነገሩን ያሻሽላል እንጂ ብቻውን አይፈታውም። የቀረው ሁኔታ ገለፈቱ ላይ ያለው ቻርጅ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። የሀርቫርዱ ፍሬድሪክ ሀንት በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በስሌት አሳየ። ዎከርም በስሙ የሚጠራ ማጉያ ካለው ከዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን ጋር ሆነው በተግባር ሲሠሩበት ቆይተው ነበር። በ1955 ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ ጽሑፎች አሠራሩን ለአንባቢ ዘረዘሩ። ዕቃው ለገበያ ከመቅረቡ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መሆኑ ነው። የንግድ ሰው ሲሆኑ ምስጢሩን ገና ሳይሸጡ ጽፈው ሰጡ።

ቻርጁን በቦታው የሚያቆመው ገለፈቱ ላይ የሚቀባው ነገር ነው። ከስፒከሩ ክፍሎች ሁሉ እኔን አብዝቶ የሚደንቀኝ ይህ ቅብ ነው፤ በዓይን ሊታይ ምንም አይቀረውም። ኤሌክትሪክን ደህና አድርጎ የሚያሳልፍ ነገር ቢቀባ፣ ቻርጁ ወደ ሰሌዳው ቀረብ ወዳለው የገለፈቱ ክፍል ይሮጣል፤ ስበቱ እዚያ ይበረታል፤ የድሮው ጥምመት ይመለሳል። ጨርሶ የማያሳልፍ ቢሆን ደግሞ ገለፈቱ ቻርጅ አይቀበልም። የሚፈለገው ኤሌክትሪክን በጣም እያዘገመ የሚያሳልፍ ቅብ ነው። የ50 ሄርትዝ ወፍራም ድምፅ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቻርጁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከነበረበት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስፒከሩ ሶኬት ላይ ሲሰካ ግን ቀስ እያለ ገጹን ሁሉ ማዳረስ አለበት። ለሙዚቃው የቆመ፣ ለሶኬቱ የሚፈስ መሆን አለበት ማለት ነው። ዎከር ያንን አገኙ።

በ1957 ለገበያ የቀረበው ስፒከር ሦስት ፓኔሎች አሉት። ግራና ቀኝ ያሉት ሰፋፊዎቹ ወፍራሙን ድምፅ ይሠራሉ። መሐል የቆመው ጠባብ ፓኔል ራሱ ከላይ እስከ ታች በሸንተረር ተከፋፍሏል፤ ከሁሉ የቀጠነው ድምፅ የሚወጣው ከመካከለኛው ጠባብ ሸንተረር ነው። ምክንያቱ የሞገድ ርዝመት ነው። ቀጭን ድምፅ ከሰፊ ገጽ ሲወጣ ወደ ፊት ብቻ ይተኮሳል፤ ጎን የተቀመጠ ሰው አያገኘውም። ከጠባብ ገጽ ሲወጣ ይዘረጋል። ስፒከሩ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ፊቱም ወደ ውጭ በስሱ ይለጠጣል።

ክፍተቶቹም እኩል አይደሉም። ወፍራም ድምፅ ገለፈቱ ብዙ እንዲወዛወዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዳር ባሉት ፓኔሎች ውስጥ ሰሌዳዎቹ ራቅ ራቅ ብለዋል። ርቀቱ ኃይሉን ስለሚያደክም ቮልቱ ከፍ ይደረጋል፤ 6 ሺህ ቮልት። በመሐለኛው ፓኔል ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ለእሱ 1500 ቮልት ይበቃል። ይህ ቮልት ከተራ የግድግዳ ሶኬት ይጀምርና በካፓሲተሮችና በዳዮዶች ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ እየተደራረበ ይወጣል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ የሚፈሰው ከረንት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰሌዳዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ያለው በውጭ በኩል ነው። በቀለሙና በገለፈቱ መካከል የፕላስቲኩ ውፍረት ይቀራል፤ ብልጭታ ለመዝለል ቢሞክር መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው። ድምፅ እንዲያልፍ ሰሌዳው ይበሳሳል። ቀዳዳው ቢበዛ ወይም ቢሰፋ ኃይሉ ገለፈቱ ላይ እኩል አያርፍም፤ ቢያንስ አየሩ ይታፈናል። ከዚህ ሁሉ ውጭ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ሌላ ስስ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ሥራው አቧራ መከልከል ነው። በሺህ የሚቆጠር ቮልት የያዘ ገጽ ከአየር አቧራ እየለቀመ ወደ ራሱ ይስባልና።

ከዚያ ውጥረቱ አለ። ገለፈቱ ከላላ በስበት ይረታና አንዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከጠበቀ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚርገበገብበት ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይሳሳል። ሠራተኛው የሚወጥረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ የወፍራም ድምፅ ፓኔሎች የተሠሩት ምግብ ከሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ዘመድ ከሆነው ከሳራን ነበር። የቀጭኑ ግን ማይላር የተባለው ፖሊስተር ነው፤ እሱ ሲወጠር ልኩን ይይዛል።

ከውጭ ሲታይ ይህ ሁሉ አይታወቅም። ቁመቱ ወደ 79፣ ወርዱ ወደ 88 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ነሐስ ቀለም የተቀባ የተበሳሳ ብረት፤ በሁለቱ ዳር እንጨት፤ ከሥር አጫጭር እግሮች። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ክፍል ማሞቂያ ይመስላል ሲል ቀልዶበታል፤ ቀልዱም እውነት አለው። ሳጥን የለውም። ከጀርባ የሚወጣው ድምፅ ታፍኖ አይቀርም፤ ከፊተኛው እኩል ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ወደ ፊት እና ወደ ኋላ ይሰማል፤ ወደ ጎን ሲሆን ሁለቱ ተጣፍተው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ ብሎ መቆም ይፈልጋል። ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ ስፒከር ሲወለድ ስቴሪዮ ሸክላ ገና ገበያ አልወጣም ነበር፤ የወጣው በ1958 ነው። ዎከር የሠሩት አንዱን ብቻውን ክፍል ውስጥ አቁሞ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ዘፋኙን በመካከላቸው ባዶ ቦታ ላይ የማቆም ችሎታቸው የታወቀው በኋላ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው አንድ ዓይነት ገለፈት፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ስላላቸው ግራና ቀኙ ይገጣጠማል።

ጉድለቱም ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ገለፈቱ የሚወዛወዝበት ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ሊጮህ የሚችለው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ነው። ትልቅ ማጉያ ገጥሞ ጉልበት ላሳይ ያለ ሰው መሐለኛውን ፓኔል በብልጭታ ይበሳዋል። ከሁሉ ወፍራም የሆነው የኦርጋን ድምፅ የለም። ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ያለ አድማጭ ቀጭኑ ድምፅ ሲለወጥበት ይሰማዋል። ዎከር እነዚህን አልካዱም፤ ለማስተካከል ብለውም መሐለኛውን ድምፅ፣ የሰው ልጅ የሚናገርበትንና የሚዘፍንበትን ክልል፣ አልነኩም። እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ጆሮ ስህተትን ቶሎ የሚለየው እዚያ ነው።

የዎከርን አእምሮ ከስፒከሩም በላይ የሚያሳየው ግን አንድ አጭር ስሌት ነው፤ በ1980 በኦዲዮ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ከስፒከሩ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የሚያገኘው የድምፅ ግፊት በጥቂት ነገሮች ብቻ ይወሰናል፤ ወደ ሰሌዳዎቹ በሚገባው የሙዚቃ ከረንት፣ በገለፈቱ ቮልት፣ በሰሌዳዎቹ ክፍተት፣ በአድማጩ ርቀት፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት። የገለፈቱ ስፋት እንኳ በቀጥታ አይገባበትም። ይህ ማለት ገለፈቱ ክብደት እንደሌለው እስከተቆጠረ ድረስ፣ ከረንቱን የለካ ሰው ድምፁን ሳይሰማ በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል። ሾጣጣ ያለው ስፒከር የሚሠራ ነዳፊ ይህን ማድረግ አይችልም። እሱ ይሠራል፣ ይለካል፣ ይደልዛል፣ እንደገና ይሠራል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራቸው የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ሥራው በ1963 ተጀመረ፤ ስፒከሩም ኢኤስኤል-63 የተባለው ከዚያ ዓመት የተነሣ ነው። ገበያ የወጣው በ1981 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። ገለፈቱ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ ከሰፊ ገጽ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ ደግሞ አይዘረጋም። በ1957ቱ ስፒከር መልሱ ገጹን መከፋፈል ነበር። ዎከር አሁን ሌላ መንገድ ያዙ። ከገለፈቱ ጀርባ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አንዲት ነጥብ ድምፅ እያሰማች ነው እንበል። ድምፁ እንደ ኳስ እየሰፋ ይመጣል። መጀመሪያ የሚነካው የገለፈቱን እምብርት ነው፤ ከዚያ በክብ በክብ ወደ ዳር ይዳረሳል። ነጥቧ ባትኖርም ገለፈቱ ልክ እንደዚያ እንዲንቀሳቀስ ከተደረገ፣ ከፊቱ ለተቀመጠው አየር ልዩነቱ አይታወቀውም። ድምፁ ከነጥቧ የመጣ ይመስላል።

ስለዚህ ሰሌዳዎቹ ላይ እንደ ዒላማ ክቦች ተነደፉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። የሙዚቃው ቮልት መጀመሪያ እምብርቱን ያገኛል፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ቀለበት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። እያንዳንዱ ቀለበት ምን ያህል እንደሚዘገይ ማስላት ይቻላል። ከእምብርቱ 10 ሴንቲሜትር የራቀ ቦታ ድምፁ የሚደርሰው ወደ 47 ማይክሮሰከንድ ዘግይቶ ነው። 20 ሴንቲሜትር ላይ መዘግየቱ ወደ 177 ማይክሮሰከንድ ይደርሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ ወደ አራት እጥፍ ቀርቧል፤ ሞገዱ ክብ በመሆኑ የመጣ ነው። መዘግየቱን የሚሠሩት ተራ በተራ የተቀጠሉ የሽቦ ጥምጥሞች ናቸው። ሽቦው ሲበዛ ቀጭኑን ድምፅ እግረ መንገዱን እያደከመው ይሄዳል፤ ስለዚህ ዳር ያሉት ቀለበቶች ቀጭን ድምፅ እምብዛም አያሰሙም። ሌላ ነዳፊ ይህን የሽቦ ድካም እንደ ጉድለት ቆጥሮ ለማጥፋት ይደክም ነበር። እዚህ ግን ተፈላጊው እሱ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ከትንሽ ገጽ ሲወጣ ይበልጥ ይዘረጋል።

ስፒከሩ አራት ፓኔሎች ላይ ታች ተደርድረውበታል። ቀለበቶቹ ያሉት በመካከለኞቹ ሁለት ላይ ነው። የክቦቹ ማእከል የሚያርፈው ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ስለሆነ አንዱ ፓኔል ግማሽ ክብ ይይዛል፤ ሌላው ቀሪውን። ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ፓኔሎች ወፍራሙን ድምፅ ያግዛሉ። ብልጭታውም በዚህ ስፒከር መፍትሔ አገኘ። ብልጭታ ከመዝለሉ በፊት አየሩ የሬዲዮ ጩኸት መሳይ ነገር ያወጣል። ከፓኔሎቹ አጠገብ የተዘረጋ ሽቦ ያንን እንደ አንቴና ይሰማና የመግቢያውን መስመር ወዲያው ሾርት ያደርገዋል። ሙዚቃው ይቋረጣል፤ ገለፈቱ ይተርፋል።

የዎከር ተጽዕኖ ስፒከራቸውን ከገዙት ሰዎች ቁጥር ይሰፋል። የ1957ቱ ዕቃ እስከ 1985 ድረስ ሳይቋረጥ ተመርቷል፤ ከ50 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የድምፅ መሣሪያ ሠሪ ማርክ ሌቪንሰን ኤችኪውዲ ብሎ በሰየመው ውድ ሥርዓት ውስጥ መሐለኛውን ድምፅ የሰጠው ለኳድ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ አቁሞ። ፊሊፕስ የክላሲክ ሙዚቃ ቅጂዎቹን ለመከታተል ለሙያ የተዘጋጀውን የኢኤስኤል-63 ዓይነት ተጠቅሟል። የማጉያ ነዳፊዎችም ፈተና አገኙ። የ1957ቱ ስፒከር ለማጉያ ቀና ሸክም አይደለም፤ ለቀጭን ድምፅ ከረንት ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ (ኢምፔዳንስ) ወደ ሁለት ኦም ይወርዳል። በላብራቶሪ ያማረ ማጉያ ከኳድ ጋር ሲገናኝ ሲንተፋተፍ ታይቷል። ሳጥን ያላቸው ስፒከሮች የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ከኳድ አጠገብ አስቀምጠው የሰው ድምፅ ሲያሰሙ፣ ሳጥናቸው ምን እየጨመረ እንደሆነ ይሰማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጫጭን ግድግዳ፣ ቀለል ያለ ሾጣጣ፣ ጠጣር ማሰሪያ፤ ሁሉም በየመንገዱ።

ዎከር በ2003 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ስፒከሮቻቸው ግን አሁንም እየተፈቱ እየተገጠሙ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ብቻ የሚሠሩ ጠጋኞች አሉ። ያረጀው ፓኔል ይፈታል፤ አሮጌው ገለፈት ይላጣል፤ ሰሌዳው ከአቧራና ከብልጭታ ጥላሸት ይጸዳል። አዲስ ማይላር በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተወጥሮ ይጣበቃል፤ የሚያዘግመው ቅብ በስሱ ይታሻል። ቅቡ አንድ ቦታ ከወፈረ ወይም ጠርዙ ጋ ቻርጅ የሚያሾልክ ቆሻሻ ከቀረ ፓኔሉ ድምፁ ይደክማል። ስለዚህ ጠጋኙ ሲጨርስ ግራውንና ቀኙን ያወዳድራል፤ እኩል ካልጮኹ ይፈታዋል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለሥራው ረቂቅነት ኢኤስኤል-63ን እወስዳለሁ። በሁለት ፓኔሎች ላይ የተከፈለ ክብ አንድ ሆኖ መሥራቱ፣ የሽቦው ድካም ሥራ ተሰጥቶት መግባቱ፣ ሌላ ቦታ አላየሁትም። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ዘፋኝ ለሚያዳምጥበት ትንሽ ክፍል ግን የ1957ቱ ይበቃል፤ ወንበሩ ከመሐል ፈቀቅ እስካላለና ማጉያው 15 ዋት እስካላለፈ ድረስ።